በአንድ ጣሳ ገብስ የተገዛው ልጅ

እኛ አገር ሰው ደህና መሆኑን ለማወቅ ከፈለግህ፣ ደህና ነህ ወይ ብለህ አትጠይቀው። እግሩ ተሰብሮ በቃሬዛ የሚሄደውም «ደህና፣ ይመስገን» ነው የሚልህ። ላሙ መንታ የወለደችለትም ያንኑ ነው። ብትጫነው «ካሉት በታች፣ ከሞቱት በላይ» ብሎ ይገላግልሃል። እስቲ ይህን የት ትጽፈዋለህ?

እኔ ግን ጻፍ ተብዬ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሰላ ጸሐፊ ሳለሁ ሥራዬ ኑሮ መለካት ነበር። አትሳቅ፣ ደመወዝ ይከፈልበታል። መሥሪያ ቤታችን ከሁሩታ በላይ ባለች መንደር አንድ ምንጭ በሲሚንቶ አጥሮ ቧንቧ ተከለ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ አለቃችን ቅጽ አሸከመኝና፣ የየቤቱ ኑሮ ምን ያህል እንደተሻሻለ ለክተህ ና አለኝ። ከምንጩ በፊት ስንት ልጅ ሞተ፣ ከምንጩ በኋላ ስንት ተወለደ፣ ስንቱስ አለ? ቅጹ እንዲህ ይላል። ውጤቱ ካማረ፣ ከከብት ጋር ወንዝ ለምትጠጣው ለላይኛዋ መንደርም ምንጭ ይሠራላታል። ካላማረ ሲሚንቶው ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

በበቅሎ ወጣሁ። ብርዱን ተወው። ቤት ለቤት ብዞር መልሱ አንድ ነው፤ ይመስገን። አንዱን ገበሬ፣ ታዲያ ተሻሽሏል ልበል ወይስ ብሷል ብለው፣ አንተ እንዳየኸው አለኝ። እኔ ያየሁት ጭስ ነው። ዓይኔ እያለቀሰ ወጣሁ።

አስካለ የምትባል ሴት ቤት ደረስኩ። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም፣ አራት ልጅ ቀብራለች። ሁሉም ከምንጩ በፊት ነው። ከምንጩ በኋላስ ብላት፣ ዓይኔን ሳታይ የለኝም አለች። ዜሮ ጻፍኩና ወጣሁ።

ጎረቤቷ አዴ ሞሚና የሚባሉ መበለት ናቸው። ቢያንስ ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ልጅ አለዎት ወይ ብዬ ለወጉ ያህል ጠየቅኳቸው። ጭናቸው ላይ የተቀመጠውን ጉንጫም ሕፃን እያሳዩ የኔ ነው አሉ። ከምንጩ በኋላ የተወለደ? አዎ፣ ከምንጩ በኋላ። ቀና ብዬ ፊታቸውን አየሁ፤ አልሳቁም። ታዲያ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ አሮጊት ዋሹ ይላል? የተነገረኝን ጻፍኩ።

አሰላ ስመለስ አለቃችን መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ እንደገና አነበበ። ይህ ውሃ የሰባ ዓመት መበለት ካስወለደማ በጠርሙስ ሞልተን እንሽጠው አለ። ከዚያ ሳቁን ዋጠ። ይህን አስተካክለህ ካላመጣህ ቅጹ አያልፍም፣ የላይኛዋም መንደር ምንጭ ቀረ ማለት ነው አለኝ።

ተመለስኩ። አዴ ሞሚና እያዘኑልኝ አስረዱኝ። ልጁ የአስካለ ነው። ልጅ የማይበረክትላት እናት አዲስ የወለደችውን ለጎረቤት ትሸጣለች። ሞት ሲመጣ የሷ የሚባል አያገኝማ። እሳቸው በአንድ ጣሳ ገብስ ገዙት። እናቱ ታጠባዋለች፣ አቅፋው ታድራለች፣ ግን የኔ ብላ ስሙን አትጠራም። ሰው ሲጠይቅም የለኝም ነው።

አስካለን አስጠሩልኝና፣ ቅጹ ካልተስተካከለ ላይኛዋ መንደር ምንጭ እንደማታገኝ ነገርኳት። ለካ ታናሽ እህቷ የተዳረችው ላይኛዋ መንደር ነው። ሁለት ቀብራለች፣ አሁንም ነፍሰ ጡር ናት። ይህን የነገረችኝ አስካለ ናት። እኔም አፈርኩ። የእህትሽ ልጅ እንዲኖር የራስሽን ልጅ ለሞት ጠቁሚው የሚል ወረቀት ይዤ መምጣቴ ነው እኮ። ተይው፣ ይቅር ልላት ነበር። አዴ ሞሚና ልጁን አንስተው ጭኗ ላይ አስቀመጡት።

አስካለ የልጁን ሁለት ጆሮ በመዳፎቿ ሸፈነች።

«ጻፈው ወንድሜ» አለች። «የኔ ነው። አለ። ደህና ነው።»

እኔ አለቀስኩ፤ በዚህ ጊዜ በጭሱ አላመካኝም። ጽፌ ስጨርስ፣ መልኩ ግን አያምርም በልበት ብላ ለመነችኝ። እሱንም ጻፍኩ። የመንግሥት ቅጽ ላይ «አንድ፣ በሕይወት ያለ፣ መልከ ጥፉ» ተብሎ ተመዘገበ። አለቃችን አንብቦ ማኅተሙን መታበት።

ከዚያ ወዲህ እኔ እንቅልፍ አጣሁ። የሁሩታ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ ልጁ እጠይቃለሁ። መልሱን ታውቀዋለህ፤ ደህና፣ ይመስገን። ይህ ምን ይረዳኛል? የላይኛዋ መንደር ምንጭ ተሠርቶ በዓመቱ ለመለካት ስወጣ ግን ራሱን አገኘሁት። በመንገዴ ባለችው በነአስካለ መንደር ቧንቧ ሥር ጭቃ ያቦካል። የማን ልጅ ነህ ብለው በጭቃማ ጣቱ የአስካለንም የአዴ ሞሚናንም ቤት አሳየኝ። በቅሎዬን በደስታ ኮለኮልኳት።

የእህትየዋ ቤት ገባሁ። ምን ተሻሻለ? ምንም። ልጅስ? የለኝም አለች፣ መሬት መሬት እያየች። የቀሚሷን ደረት ግን ወተት አርሶታል።

እኔም እሺ አልኩና ቅጹን አጥፌ፣ ከጎረቤት በዕድሜ የገፉት ሰው ቤት የትኛው እንደሆነ እንድታሳየኝ ጠየቅኳት።