ኪስ ያልደረሰ እጅ

ቀኝ ትከሻዬ ደርቆ ያስወጣኝን ልንገራችሁ፤ ዘጠኝ ሺህ ብር፣ የአምስት ወር እንቅልፍና የሃያ ዓመት ስሜን ነው።

ፒያሳ ውስጥ ሰው የሚለካው ሒሳብ ሲመጣ እጁ ኪሱ በሚደርስበት ፍጥነት አይደል? የእኔ ቦርሳ ያለው የኋላ ኪሴ ውስጥ ነው። የደረቀ ትከሻ ደግሞ ክንድን ወደ ኋላ አያስኬድም። በግራ እንዳልከፍል ነውር ነው። እጄ ወገቤ ላይ ቆሞ ሲያቃስት፣ ካፌ አብረውኝ የሚቀመጡት የሱቅ ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ የማኪያቶውን ሒሳብ ከፍለው ይነሳሉ።

«ይሄ ሕመምህ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «አስተናጋጇን ሲያይ ነው እንዴ የሚነሳበት?»

ወጌሻ ጋ ሄጄ ላስጎትተው ስል ያከመችኝ ሐኪም ከለከለችኝ።

«በጉልበት አይሆንም። ጣቶችህን በየቀኑ ግድግዳ ላይ ቀስ እያደረግህ ወደ ላይ አራምድ፤ ወራት ይፈጃል እንጂ ይለቃል» አለችኝ።

እኔም ሱቄ ውስጥ ግድግዳ ስዳብስ ከረምኩ። አንድ ደንበኛ «ግድግዳውም ይሸጣል?» ብሎኛል።

ትናንት እጄ ኪሴ ደረሰ። ጋሽ በቀለን ቀድሜ ቦርሳዬን በኩራት ከፈትኩት። ባዶ ነው፤ የነበረውን ጠዋት ለትከሻዬ ፊዚዮቴራፒ ከፍዬዋለሁ።

ጋሽ በቀለ ከፈሉ። ትከሻዬ ተመልሷል፤ ስሜ አልተመለሰም።