ባለቤት ያጣችው እጅ

«እማዬ፣ መላእክት ጥፍራቸውን ቀለም ይቀባሉ እንዴ?»

ይህን የጠየቀችኝ የስድስት ዓመቷ ልጄ ሜሮን ናት። ልጅ የጠየቀው ሁሉ አይመለስም፤ ይህኛው ግን በላብ አጠመቀኝ። ምክንያቱን ለማስረዳት ስለ ቅናት ትንሽ ማውራት ግድ ነው።

ሰው ኃጢአቱን ሲናዘዝ ቅናትን መጨረሻ ላይ እንደሚያነሳው ልብ ብላችኋል? ሐሜቱን፣ ንዴቱን፣ ጾም መሻሩን ዘርዝሮ ከጨረሰ በኋላ «ሌላስ?» ሲባል ጉሮሮውን ይጠርግና «ትንሽ ቅር የሚለኝ ነገር አለ» ይላል። እኔም በአስቴር ላይ የነበረኝን ነገር ሁለት ዓመት ሙሉ «ቅር መሰኘት» እያልኩ ነው ያቆየሁት።

አስቴር ማን ናት? እኔ እዚህ ቦንጋ፣ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዤ የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል ባቆምም ማመልከቻ ስጽፍ የቢሮ ኃላፊ አንጀት ይላወሳል። ከሺሺንዳም ከቢታ ገነትም ለጉዳይ የሚመጣ ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእኔን ሱቅ ነበር። ነበር! አስቴር ከጅማ መጥታ ፊት ለፊቴ ፎቶ ቤት ከፈተች። እሷ ዘንድ የገባ ሰው ብጉሩን እዚያው ጥሎ ይወጣል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ማር ሲቆርጡ የኖሩት ጋሽ ወልዴ እንኳ ለመታወቂያ ፎቶ ገብተው የገዛ ልጃቸውን መስለው ወጡ። የሠርግ ካርድ በሉት፣ በማር ዕቃ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት በሉት፣ ለተመራቂ የሚሰቀል ባነር በሉት፣ ሁሉም መንገዱን ተሻግሮ ወደ ማዶ ሄደ።

ይህም ባልከፋ። የከፋው ደግ መሆኗ ነው። ክፉ ሰው ላይ መቅናት እኮ ያሳርፋል፤ ክፋቱን እያነሱ ይጽናናሉ። ደግ ሰው ላይ የሚቀና ግን ምን ይይዛል? አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጥታ «እትዬ አበበች፣ እኔ የምሠራበትን ሶፍትዌር ልጫንልዎት? ነፃ ነው፣ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም» ብላ ከፍላሿ ላይ ገለበጠችልኝ። ሁለት ወር ሙሉ ምሳ ሰዓቷን እየተወች አስተማረችኝም። ምስጋናዬን ስነግራት ጥርሴን ነክሼ እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

ትምህርቱ ራሱ ግን ደስ ይል ነበር። ፎቶ ለካ አንድ ወረቀት አይደለም፤ እንደ መስታወት እየተነባበረ የሚሠራ ነገር ነው። ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የወደድኩት የማኅተም ምልክት ያለበትን ነው። ከአንዱ ቦታ ቀድተህ ሌላው ቦታ ላይ ትመታለህ፣ ሥር የነበረው ይጠፋል። በእኛ ቢሮዎች ማኅተም የማይሠራው ተአምር እንደሌለ አውቅ ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥም ሹመቱ አልቀነሰም። ኮንትሮል ዜድ የሚባለውስ? ሁለት ጣት ሲጫን ያጠፋኸው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ያለ ስግደት፣ ያለ ቀኖና! ምሕረቱ የሚሠራው ግን ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ነው። ይህን አስቴር ነግራኛለች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

ኅዳር ላይ የማርያም ጽዋ ማኅበራችን እትዬ ብዙነሽ ቤት ነበር። እትዬ ብዙነሽ የማኅበሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ የሚፈሩም የሚወደዱም። ለመታሰቢያ አስቴርን አስጠርተው አሥራ ሁለታችን ጓሮ እንሰቱ ሥር ተሰለፍን። ሁለት ሦስት ጊዜ ካነሳችን በኋላ ካሜራውን በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ራሱ እንዲያነሳ አዝዛው፣ ሮጣ መጥታ ጫፍ ላይ ከእኔ ጎን ተለጠፈች። ዓይናችሁን እንዳትጨፍኑ ተብለን ሁላችንም ካሜራው ላይ ስላፈጠጥን፣ ሌሎቹ ከፊታችን ዞር ያለች መስሏቸው፣ መምጣቷን ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ክንዷን በጀርባዬ አዙራ እጇን በወዲያኛው ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ነበርና።

የሁሉም ሰው ዓይን የተገለጠው በዚያችው በመጨረሻዋ ፎቶ ላይ ሆነ። አስቴርም ለእትዬ ብዙነሽ «ይህን እትዬ አበበች ይሥሩት፣ ጎበዝ ሆነዋል» ብላ ፎቶውን ለእኔ ላከችው። አያችሁልኝ ደግነቷን?

መጀመሪያ ያጠፋሁት አጥር ላይ የተሰጣውን ልብስ ነው። ቀጥሎ ቢጫውን ጀሪካን። ቀጥሎ የውሻውን ግማሽ፤ ግማሹ ካሜራው ውስጥ አልገባም ነበር። ከዚያ ፎቶውን ሳየው አሁንም የሚያስቸግር ነገር አለበት፤ ዓይን ሁሉ ሄዶ ሄዶ የሚያርፈው አስቴር ላይ ነው። እሷ ደግሞ ማኅበርተኛ አይደለችም። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው የማኅበር ፎቶ ላይ ምን ይሠራል? ሥርዓት ነው፣ ቅናት አይደለም አልኩ። ስክሪኑን እሷ ብቻ እስክትሞላው ድረስ አጎላሁና ከእንሰቱ ቅጠል እየቀዳሁ መምታት ጀመርኩ። ፀጉሯ ሄደ። ሳቋ ሄደ። ቀሚሷ ሄደ። በቦታዋ የለመለመ እንሰት በቀለ። ይኸኔ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል፣ ሊሄድ ነው ብዬ በመጀመሪያው ፋይል ላይ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁትና አሥራ ሁለቱን ኮፒ ተሯሩጬ አተምኩ። ሲወጡ አላየኋቸውም? አይቻለሁ። ያየሁት ግን እሷ የነበረችበትን ቦታ ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም እትዬ ብዙነሽ ቤት ተሰብስበን ፎቶውን አደልኩ። እትዬ ብዙነሽ መነጽራቸውን አድርገው ከዳር እስከ ዳር አዩና ጣታቸውን እኔ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። «አበበች፣ ትከሻሽ ላይ ያለው የማን እጅ ነው?» አሉ። ከወዲያ በኩል የቆሙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሁለት እጃቸው ደግሞ ጽዋውን ይዟል። ከወዲህ በኩል እንሰት ነው። እሳቸው ሲደነቁ እንደሚያደርጉት በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩና ተነስተው እልል አሉ። ከዚያማ ማን ያቁመው! አንዷ ትከሻዬን ሳመች። ሌላዋ «ዝምተኛ ናት፣ የምትጸልየው በልቧ ነው፣ እኔ ድሮም አውቃለሁ» አለች። ጥፍሩ ላይ ያለው ቀይ ነገር ምንድን ነው ያለችም ነበረች፤ የሰማዕታት ምልክት ነው ተብላ እሷም አማተበች። ፎቶው በትልቁ ተሠርቶ በሚቀጥለው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይሰጥ ተባለ። እኔስ? እንዳልናገር አፈርኩ፤ እንዳልክድ ፈራሁ፤ ትሕትና መሰላቸው። ሜሮን ያንን ጥያቄ የጠየቀችኝ ከዚያ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው።

በማግስቱ ፎቶው ሊተልቅ የት ተወሰደ? ትልቅ ማተሚያ ያላት ማን ናት? እኔንም እንደ ጽላት አጅበው አስቴር ፎቶ ቤት ገባን። ፎቶውን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ ጥፍሩ ቀይ ቀለም የተቀባ እጇን ቀስ ብላ ሻርፗ ውስጥ ከተተችና «ይህ ከእኔ እውቀት በላይ ነው» አለች። ሴቶቹ ሲወጡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እትዬ፣ እንሰቱ እኮ ግሩም ነው፣ መጋጠሚያው አይታይም» አለችኝ። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት? እስከዚያ ቀን የቀናሁት በሙያዋና በመልኳ ነበር፤ አሁን በነፍሷም ቀናሁ። ማታ ስጸልይ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ምላሴ አልዞር አለ። እኔን ማን በደለኝና?

በነጋታው ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት አስቴር ዘንድ ሄጄ ከኮምፒውተሯ ላይ ያልተነካውን ፎቶ አሳተምኩና ሁለቱንም ይዤ እትዬ ብዙነሽ ቤት ገባሁ። ብቻቸውን ነበሩ። «መልአኩ አስቴር ናት፤ በቅናት ያጠፋኋት እኔ ነኝ» አልኩና ቁጣቸውን ጠበቅሁ። አንዱን አዩ፣ ሌላውን አዩ። «ሴቶቹን እኔ አስረዳለሁ» አሉና ተነስተው በሩን ዘጉ። ከጓዳ የሠርጋቸውን ፎቶ ከነፍሬሙ አመጡ። «ይቺን ታያታለሽ? የባለቤቴ እህት ናት። በገዛ ሠርጌ ላይ ሙሽራዋን መስላ ይኸው ሠላሳ ዓመት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅላለች። በእንሰት ሸፍኚልኝ» አሉኝ።

ንስሐ ለመግባት የመጣሁ ሰው መሆኔን፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ዳግመኛ እንደማልሠራ፣ ለእሳቸውም ነፍስ እንደማይበጅ ረጋ ብዬ አስረዳኋቸው።

«ግድ የለም፣ አስቴር ትሠራልኛለች» ብለው ፎቶውን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመሩ።

ከእጃቸው ላይ ተቀበልኳቸውና ለነገ ይደርስልዎታል አልኳቸው።