የመኪናችን ብርድና የቆሼው ሽምግልና

ወንድ ልጅ ባዶ ቦታ ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። መሬት ከሆነ ያርሰዋል፣ ግድግዳ ከሆነ ሚስማር ይመታበታል፣ ነጋዴ ከሆነ ደግሞ… ዕቃ ይጭንበታል። ወንዶች አንባቢዎቼ፣ አትቆጡኝ። መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ፍረዱ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም፣ ቡታጅራ ላይ ነው። ነጋዴው ባሌ ሸምሱ፣ ለመንገድ ሥራ መጥቶ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛ። መኪናዋ እንደ ማንኛዋም መኪና ባለ አራት ጎማ ናት፤ ልዩ የሚያደርጋት ከሬዲዮኑ ሥር የተገጠመ ሳጥን ነው። ቁልፉን ስታዞሩት ብርድ ይተፋል። በዚያ ዘመን ብርድ ከዘቢዳር ተራራ ሲወርድ እንጂ ከሳጥን ሲወጣ ያየ አልነበረም። ከተማው ሁሉ “ባለ ብርዷ” ይላት ጀመር። ትኩሳት የያዘው ጎረቤት ሳይቀር እየመጣ “እስቲ አንድ አፍታ ልቀመጥባት” ይል ነበር እኮ!

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ጀማል፣ ማረቆ አገር፣ ቆሼ ከተማ ያለች ረሒማ የምትባል ልጅ ወድዶ እህል ውኃ አልቀምስ አለ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ጣጣው የእኔና የሸምሱ ነው። የልጅቷ አባት ጋሽ ከድር የታወቁ የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። ሸምሱ ከነመኪናው አዲስ አበባ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ሽማግሌዎቻችንን በጭነት መኪና ላክናቸው። ቆሼ ቆላ ነው፤ ጋቢ ደርበው፣ ኮት ደርበው፣ ከወንዝ እንደ ወጣ ጥጃ በላብ ርሰው ደረሱ። ጋሽ ከድር ከላይ እስከ ታች አይተው “ውኃ ጠጡና ሂዱ፣ አስብበታለሁ” አሏቸው። በመጀመሪያ ጊዜ ልጁን የሚሰጥ አባት እንደሌለ እናውቃለን፤ ግን ብዙም ሳይቆይ የሌላ ነጋዴ ሽማግሌዎች በዚያው ደጅ ሲገቡ ታዩ የሚል ወሬ መጣ። ሁለተኛው ጉዞ ካልተሳካ ረሒማ ሄደች ማለት ነው።

“በባለ ብርዷ ነው የምወስዳቸው” አለ ሸምሱ። “ጋቢያቸው ሳይጨማደድ፣ ፊታቸው ሳይወዛ፣ እንደ ሙሽራ አወርዳቸዋለሁ።”

የፈሩት ይደርሳል… ሳጥኑ በዚያው ሳምንት ብርዱን ትቶ እንደ ታመመ ሰው ትኩስ ትንፋሽ ይተነፍስ ጀመር።

መካኒኩ ደስታ በመንገድ ሥራ ካምፕ ከፈረንጆች ጋር የሠራ ነው፤ ጋራዡ አንድ ትልቅ ዋርካ ነው። ጆሮውን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ቆየና ኢቫፖሬተሩ ተበስቷል አለ። ብርዱ የሚፈጠርበት፣ ራዲያተር የሚመስል ነገር ነው፤ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ፈታቶ አወጣውና አዲሱ ከነጋዙ በአውቶቡስ እንዲላክ አዲስ አበባ አዘዘ።

እንግዲህ ሳጥኑ ባዶውን ቀረ። ሸምሱ ያንን ጉድጓድ ሳይከራይ እንደከረመ ሱቅ እያየ ሲብሰለሰል ሰነበተ። በገበያ ቀን ቆሼ ወርዶ የኋላውን ወንበር በበርበሬ ዛላ እስከ ጣራው ሞላው። ለደንበኛ ማሳያ የገዛውን የደቀቀ በርበሬ ደግሞ ከነወረቀት ከረጢቱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ወተፈው። መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከረጢቱ ቡታጅራ ሳይደርስ ተቀደደ።

“ጠርጌዋለሁ” አለኝ። ባል “ጠርጌዋለሁ” ሲል ምን ማለት እንደሆነ ለሴት አንባቢዎቼ አላስረዳም።

አዲሱ ኢቫፖሬተር የደረሰው በጉዞው ዕለት ጠዋት ነው። ደስታ እየተጣደፈ ገጠመው፣ ቱቦውን አሰረ፣ ጋዙን ሞላ፣ ቁልፉን በትንሹ አዞረና ፊቱን አስጠጋ። አከታትሎ አስነጠሰው።

“ብርድ መታኝ” አለ በኩራት። “ሠርቷል።”

ሸምሱም አፍንጫውን አስጠጋ፣ እሱንም አስነጠሰው። ተጨባበጡ።

ሐጂ ኑሪ፣ የሟቹ አባታችን የልብ ወዳጅ፣ ከፊት ተቀመጡ፤ ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ። ሸምሱ ብርዱ እንዳይወጣ መስኮት መክፈት ክልክል ነው ብሎ አስጠነቀቀና ሄዱ። እኔ ከጀማል ጋር ቀረሁ፤ እሱ ጓሮ ለጓሮ ይንጎራደዳል፣ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ።

ሲመሽ ተመለሱ። ሐጂ ኑሪ ሲወርዱ ዓይናቸው ፍም መስሏል። የኋላዎቹም እንደዚያው። ሸምሱማ ጭራሽ ዓይኑን መግለጥ አቅቶታል። ጀማል እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

“ሐጂ፣ እምቢ አሉን?” አልኩ።

አፍንጫቸውን ጠረጉና “ሰጡን” አሉ።

“ታዲያ ምን ያስለቅሳችኋል?”

“እሱን ባልሽን ጠይቂው።”

ለካ መንገድ ላይ ያለችውን ኢንሴኖን እንዳለፉ ሙቀቱ ሲበረታ ሸምሱ ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዙሮት ኖሯል። የሐጂ ኑሪ እንባ ዱብ ዱብ አለ። ለሽምግልና የወጣ ሰው ደግሞ አቃጠለኝ፣ ቆረጠኝ አይልም፤ የፈረንጅ ብርድ እንዲህ ይሆናል ብለው ዝም አሉ። ከኋላ ያሉት የሐጂን እንባ አይተው ‘ወዳጃቸው ትዝ ብሏቸው ነው’ ሲሉ የራሳቸውም ዓይን ሞላ። አንደኛው “አላህ ይርሐመው፣ ደግ ሰው ነበር” አሉ። ይህን የሰሙ ሐጂ ኑሪ አሁን የምር አባታችንን አስታውሰው ተንሰቀሰቁ። ሸምሱም መሪውን ይዞ ያለቅሳል… መስኮት ግን አይከፍትም!

ጋሽ ከድር የረጅም ክርክር ስንቃቸውን ቋጥረው በራፋቸው ላይ ሲጠብቁ፣ አራት ሰው እየተደጋገፈና እያነባ ደረሰላቸው። ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ ውስጥ የኖሩ ናቸውና ሽታው እንኳ አልመጣባቸውም።

“ሐጂ፣ ምን ሆኑብኝ?”

ሐጂ ኑሪ ሳልና ሲቃ ተናነቃቸው። “ለ… ለልጅቷ ነው” አሉ።

ጋሽ ከድር እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። “ሽማግሌ ሲለምን አይቻለሁ፣ ሲቆጣም አይቻለሁ። በእኔ ደጅ ግን ሽማግሌ አያለቅስም። በቃ፣ ሰጥቻለሁ” ብለው እዚያው ቆመው የስምምነቱን ዱዓ፣ ፋቲሓን፣ አስደረጉ።

ጀማልና ረሒማ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ ከበዱ። የበርበሬው ወሬ አገሩን ሲዞር ለጋሽ ከድር ብቻ የነገራቸው የለም፤ ማን ደፍሮ? ችግሩ ሰውዬው ሌሎች ሴት ልጆችም ነበሯቸው። ከወልቂጤ ድረስ የመጡ የተከበሩ ሽማግሌዎችን “የቡታጅራ ሰዎች እንባቸውን አፍስሰው ነው የወሰዱት፤ እናንተ በደረቅ ዓይን?” ብለው መለሷቸው አሉ።

አንድ ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። እነዚያው የወልቂጤ ሽማግሌዎች ናቸው፤ መኪናዋን ለአንድ ቀን እንድናውሳቸው ነበር የመጡት። ሸምሱ አፍሮ አቀረቀረ። “አባቶቼ፣ ሳጥኑን አስፈትቼ አሳጥቤዋለሁ። አሁን ንጹሕ ብርድ ብቻ ነው የሚወጣው” አላቸው።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ ትልቅየው ከጋቢያቸው ሥር አንድ ከረጢት አወጡና “ግድ የለም ልጄ” አሉት፣ “በርበሬውን እኛ ይዘናል።”