ከበሩ በላይ ያለችው መስታወት

(የራጅ ምርምር ክፍል። ጠረጴዛው ላይ ደብተር የምታክል መስታወት ተቀምጣለች። ሊቁ ነጭ ጋውኑን እያርገበገበ ይንጎራደዳል፤ መስታወት ቆራጩ ባዶ ፍሬም ይዞ ቆሟል።)

ሊቁ፦ ጣትህን አንሳ አልኩህ!

ቆራጩ፦ ሳልይዛት እንዴት ፍሬም ውስጥ ላስገባት ዶክተር?

ሊቁ፦ በአክብሮት! አንተ መስኮት ላይ የምትለጥፋት ዓይነት መሰለችህ? ውስጧ በዓይን የማይታይ ክሪስታል ሞልቷል። ራጅ ሲያርፍባት አረንጓዴ ታበራለች፤ የተሰበረ አጥንት ቁልጭ ብሎ ይታይባታል።

ቆራጩ፦ እሰይ! መርዝስ የላትም?

ሊቁ፦ የሌሎቹ ውስጥ እርሳስ የሚባል መርዘኛ ብረት አለ። የእኔ ግን ቅንጣት የለባትም! ዓለም ጉድ ይላል!

ቆራጩ፦ ታዲያ ምን ያንቆራጥጥዎታል?

ሊቁ፦ ከትናንት ወዲህ አላበራ አለቻ! ምርምሬን የሚገመግሙት ሰዎች ደረጃውን እየወጡ ነው። ዛሬ ካላበራች ይህ ክፍል ይታሸጋል፣ እኔም ተመልሼ ፊደል አስቆጥራለሁ።

ቆራጩ፦ ምናልባት ደክሟት ይሆናላ።

ሊቁ፦ ደክሟት! ወይ አለማወቅ! ከአንተ ጋር ከማወራ ከግድግዳው ጋር ብከራከር ይሻለኝ ነበር።

ቆራጩ፦ (ጠርዟን በጥፍሩ እየዳበሰ) ዶክተር… ይቺማ የመስኮት መስታወት ናት።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

ቆራጩ፦ የኔ መቁረጫ ሸራፋ ስለሆነ ጠርዙ ላይ ይቧጭራል፤ ይኸው። ከሦስት ወር በፊት ከበሩ በላይ ያለችው መስታወት ተሰብራ ልተካ የመጣሁ ዕለት ሁለት መስታወት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። "የቷን ልግጠም?" ስልዎት፣ ቀና እንኳ ሳይሉ በአገጭዎ ጠቆሙኝ።

ሊቁ፦ ቅጥፈት! ሦስት ወር ሙሉ ስታበራ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ! አርባ ገጽ ጽፌላታለሁ!

ቆራጩ፦ የላይኛዋ ብርሃን እያረፈባት ነዋ። የራጅ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ያቺ ከበሩ በላይ ቦግ ትል አልነበር?

ሊቁ፦ (አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ይስመዋል) እና እውነተኛዋ አለች! ወንድሜ፣ ነቅለህ አምጣልኝ! ቶሎ!

ቆራጩ፦ መንቀሉስ ቀላል ነበር፤ መፋቁ ነው ውሎ የሚያሳድረን።

ሊቁ፦ ምኑን ነው የምትፍቀው?

ቆራጩ፦ ቀለሙን ነዋ! "ከበሩ በላይ ያለው ተራ መስታወት አረንጓዴ እያበራ የምርምሬን ብርሃን ስለሚሻማ፣ በአስቸኳይ ጥቁር ይቀባ" ብለው ትናንት የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት።

(በሩ ይንኳኳል።)