የአቶ ለጊዜው ሻንጣ

በዓለም ላይ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው «ለጊዜው» ይሠራል። ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የተሰበረ የወንበር እግር በገመድ ጠፍሮ «ለጊዜው ነው» ያለ አጎት አላችሁ፤ ሴት ልጁ ተድራ ወልዳ፣ ዛሬ የልጅ ልጁ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን ይሠራል። የመሥሪያ ቤታችሁ በር የሚዘጋው ካርቶን ተወትፎበት ነው፤ ካርቶኑን የወተፈው ሰው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። እናንተ ግን ይህን ሰው የምታውቁት በሩቁ ነው። እኔ አግብቼዋለሁ።

ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። «ናቸው» ማለቴ ለክብር እንዳይመስላችሁ፤ ስናደድ ሰውን አንቱ የማለት አመል አለብኝ። ሰፈሩ በሙሉ አቶ ለጊዜው ይላቸዋል። የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው፣ እኔ ሃምሳ ሁለቴን ይዣለሁ። እኔ የመጀመሪያ ባሌ ከሞተ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ብቻዬን ኖሬያለሁ፤ እሳቸው ደግሞ እናታቸው እስኪሞቱ ድረስ እናታቸው ቤት ነበሩ። ከሰባት ወር በፊት ሁለታችንም ቤታችንን ለቀቅንና ሦስተኛ ቤት ተከራይተን አብረን ገባን።

በሃያ ዓመታቸው የሚጋቡ ሰዎች አንድ ፍራሽና ሁለት ብርጭቆ ይዘው ይገባሉ። እኛ የገባነው በሁለት ፍሪጅ፣ በሁለት የምግብ ጠረጴዛ፣ በሦስት ካውያ፣ እንዲሁም ግድግዳ ላይ ቦታ በሚፈልጉ አምስት ሟቾች ነው። ሟቾቹ ቶሎ ተስማሙ። የተቀረው እስከ ዛሬ አልተስማማም።

ፍሪጆቹ ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገትረዋል። የኔ እንዲከፈት የሳቸው መዘጋት አለበት። ጠረጴዛዎቹን ሳሎን ውስጥ አንድ ላይ ገጠሟቸው፤ የሳቸው ግን ከኔው በሁለት ጣት ያጥራል። ስለዚህ ወደሳቸው የተገፋ ሳህን ሁሉ ድንበሩ ላይ ዘጭ ይላል። ሌላ ሰው ቤት ሲሄዱ መስመሩን ግድግዳ ውስጥ ቀብረው፣ አቧራውን ጠርገው የሚመለሱት ባለሙያ፣ የራሳቸውን መኝታ ቤት ገመድ በጥቁር ናስትሮ ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል። አምፖሉ በሲባጎ ነው የተንጠለጠለው።

«ይህን ጠረጴዛ መቼ ነው የሚያስተካክሉት?» አልኳቸው።

አንቱ ስላቸው ነገር እንደመጣ ያውቃሉ። «ለጊዜው ነው እኮ» አሉኝ፣ ሳህናቸውን ደገፍ አድርገው። «ምን አስቸኮለሽ?»

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። በኔም ሙያ ለጊዜው የሚባል ነገር አለ። ቀሚስ ከመስፋቴ በፊት ጨርቁን በነጭ ክር ሰፋ ሰፋ አድርጌ አያይዘዋለሁ፤ ደንበኛዋ ትለካዋለች፤ ዋናው ስፌት ሲያልቅ ያንን ክር መዝዤ እጥለዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ነጭ ክር ልብስ ላይ ትቼ አላውቅም። ስለዚህ ሰው «ለጊዜው» ሲለኝ የሚታየኝ ያ ክር ነው፤ ተመዝዞ ወለሉ ላይ ሲወድቅ።

የመኝታ ቤቱ መስኮት ሰፊ ስለሆነ የኔም መጋረጃ የሳቸውም ለየብቻው አልበቃውም። ሁለቱን በነጭ ክር አያይዤ ልለካ ዞር ስል ሰቅለውት ደረሱ። «ገና አልተሰፋም!» ብዬ ጮህኩ። «ለጊዜው ይሸፍናል» አሉኝ። ሰባት ወር ሙሉ ሸፍኗል። ደንበኞቼ በመንገድ ሲያልፉ ያን ክር ቀና ብለው ያዩታል፤ እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያልቻልኩት ሻንጣውን ነው።

ቡናማ ሻንጣ ነው፣ ከመኝታ ቤቱ በር ሥር የተቀመጠ። ሳንጋባ ቁም ሣጥኔን ከፍዬ ግማሹን ባዶ አድርጌላቸው ነበር። ያ ግማሽ ዛሬም ባዶ ነው። ክቡርነታቸው ጠዋት ሸሚዛቸውን ከሻንጣው ያወጣሉ፤ ሲታጠብና ሲተኮስ አጣጥፈው ወደ ሻንጣው ይመልሱታል። ሁለት ጊዜ ተደናቅፌበት አውራ ጣቴን ሊሰብረው ነበር። «ቁም ሣጥን ውስጥ ያስገቡት እንጂ!» ስላቸው «ለጊዜው እዚህ ይሁን» ይላሉ፤ ጣቴን በናስትሮ ሊያስሩልኝ ይመጣሉ።

አንድ እሁድ ጠዋት ሶኬት እየፈቱ በስልክ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አንድ የድሮ የሥራ ጓደኛቸው የት እንዳሉ ጠይቋቸው መሰለኝ። «አዎ፣ ለጊዜው እዚህ ነኝ» አሉት።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እኔ የቤቴን ቁልፍ ለአከራዬ አስረክቤያለሁ። እዚያ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ መስኮቴ ላይ የሰቀለውን አረንጓዴ መጋረጃ አይቼዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ የምመለስበት የለኝም። አለቀስኩ ማለት ያሳፍራል፣ ግን አለቀስኩ፤ በሁለቱ ፍሪጆች መሀል ቆሜ። ከዚያ ቀን በኋላ ከሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው ሻንጣው ቦታው ላይ መኖሩን ሆነ። ዛሬ ይሄዳል፣ ነገ ይሄዳል እያልኩ ሳይታወቀኝ የሻንጣ ዘበኛ ሆንኩ።

በሳምንቱ ታላቅ እህታቸው ሊጠይቁን መጡ። ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ እሳቸውን አንቱ የምለው ከልቤ ነው። ባሌ ሳሎን ውስጥ ሶኬት ሲያጠብቅ እትዬን መኝታ ቤት አስገባኋቸው።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ወንድምዎ ሊሄድ ነው?»

«የት?»

ሻንጣውን አሳየኋቸው። እትዬ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ይሄ ሻንጣ አለ እንዴ?» አሉ። «እናታችን የታመመች ዕለት ይዞት የመጣው እኮ ነው። ለጊዜው ነው፣ ሁለት ሳምንት አስታምሜ እመለሳለሁ ብሎ። አሥራ አራት ዓመት አስታመማት። አገላበጣት፣ አጠባት፣ አጎረሳት። በዚያ ሁሉ ዓመት ልብሱን ከዚህ እያወጣ ነው የለበሰው፤ አንድ ቀን አላራገፈውም።»

«በኋላስ?»

«የቀበርናት ማግስት ስመጣ ሸሚዞቹን በሙሉ አልጋዋ ላይ ዘርግቷቸው አገኘሁት። ሻንጣው ባዶውን ተከፍቶ።» እጄን ያዙኝ። «አንቺ ልጅ፣ ተሞልቶ እስከተቀመጠ ድረስ አትፍሪ። ባዶውን ያየሽው ቀን ፍሪ።»

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስገባ ሻንጣው በሩ ሥር የለም። አልጋው ላይ ነው፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ባዶ ነው። ሸሚዞቹ ትራሴ ላይ ተከምረዋል። በሩን ይዤ ቆምኩ።

እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ናስትሮውን በጥርሱ ነክሶ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«እጀታው ተነቀለ። ለጊዜው ላስረው ብዬ።» ናስትሮውን አዙሮ አዙሮ ጠመጠመው፣ በጥርሱ ቆረጠው። ቀና ብሎ ሲያየኝ ደነገጠ። «ምነው? ማን ምን ሆነ?»

«ማንም ምንም አልሆነ።»

የተቆጣሁ መሰለውና ፈጠን ብሎ ተነሣ፣ ሸሚዞቹን አቅፎ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄደ። «በቃ ከተራገፈ አይቀር እዚህ ልክተተው። ስትለምኝኝ ከርመሽ የለ?»

ሰባት ወር ሙሉ የጠበቅሁት ቃል ነው።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ። «ሻንጣው ውስጥ መልሰው!»

ባሌ ሸሚዞቹን እንዳቀፈ ዞረ። «ለምን?»

«ለጊዜው» አልኩት።

ሸሚዞቹን ከእቅፉ ተቀብዬ አንድ በአንድ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ መለስኳቸው። ከላይ የኔን ግራጫ ሹራብ ጨመርኩበት። ሞልቶ ስለነበር አልዘጋ አለኝ፤ ሁለታችንም ላዩ ላይ ተቀመጥንበትና ዘጋነው።