የአያ ባዘዘው «ግና»

ያለ ወንዝ የሚኖር ሰፈር አይቻለሁ፤ ያለ እንከን ፈላጊ የሚኖር ግን አላየሁም። ለእኛ የደረሱን አያ ባዘዘው ነበሩ፤ ሊቀ ነቃፊያን፣ የ«ግና» ባላባት።

«ደግ ነው፤ ግና…» ይላሉ። ሰው የሚያስለቅሰው ከ«ግና» ወዲያ ያለው ነው። በሠርግ ላይ «ሙሽራዋ ደግ ናት፤ ግና ከአሁኑ ተክዛለች» አሉ፤ እውነትም ያን ጊዜ ተከዘች። በቀብር ላይ «ጉድጓዱ ደግ ነው፤ ግና ወደ ቁልቁል አዘንብሏል፤ ሰውዬው ሲንሸራተት ሊኖር ነው» ብለው ቆፋሪዎቹን እንደ ገና አስቆፈሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል አተኩረው አይተው «ፈረሱ ደግ ነው፤ ግና የኋላ እግሩ ለዳገት አይሆንም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔማ ቤት በሠራሁ ጊዜ እንዳያዩብኝ ስሸሻቸው ከረምሁ።

ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ፣ ግንቦት ላይ፣ ከከተማው ዳር ያቋቋመውን እርሻ ሕዝቡ መጥቶ እንዲጎበኝ አዋጅ ተነገረ። ላሞቻችንን አርዶ ከበላ በኋላ ላም ምን እንደምትመስል ሊያስተምረን አስቦልን ነው። በፈቃዳችን ሄድን። የቀረ ይገረፋል ስለ ተባለ ፈቃዳችን ብርቱ ነበር።

ጎረቤታችን ሥራነሽም አብራን መጣች። ባሏን ቆላ በወረደበት ንዳድ ገደለባት። ቦራ የሚባለውን በሬዋን ደግሞ «ለመንግሥት ይፈለጋል» ብለው ነዱባት። የቀራት አንድ በሬ ብቻውን አያርስ፤ ሰኔ ሲገባ መሬቷ ጦም ማደሩ ነው።

አስጎብኛችን አንድ ወፍራም የጣልያን ሹም ነበር። ቱርጁማኑ ፍቅረ ሥላሴ ይባላል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ቦራን ከሥራነሽ በረት ያስነዳውም እሱ ራሱ ነበር።

መጀመሪያ አሳማ አሳዩን። አያ ባዘዘው ዘንጋቸውን ተደግፈው ተመለከቱትና «ደግ ነው፤ ግና አንገት ረስተውለታል» አሉ። ፍቅረ ሥላሴ ተረጎመ፤ ሹሙ ደስ ብሎት ፈገግ አለ።

«ምን አልኸው?» አሉ አያ ባዘዘው።

«ግሩም ነው አሉ አልሁት። አባቴ፣ እኔኮ አንገት አለኝ።»

ቀጥሎ ጡቷ መሬት ሊነካ የደረሰ ዝንጉርጉር ላም መጣች። «ጡቷ ደግ ነው፤ ግና ቀንድ የላትም። ጅብ ሲመጣ በጡቷ ልትወጋው ነው?» አሁንም «ግሩም ናት» ተብሎ ተተረጎመ። ሹሙ እንዲህ ያለ አድናቂ ገጥሞት ስለማያውቅ አያ ባዘዘውን ክንዳቸውን ይዞ ይመራቸው ጀመር።

በመጨረሻ አንድ ዳስ ገባን። ሞፈርና ቀንበር እንደ ጉድ ተሰቅለዋል፤ ከበታቻቸው አንድ በሬ ታስሯል።

«ይህ ሙዜዮ ይባላል» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ያለፈ ዘመን ነገር የሚታይበት ቤት ነው።»

«የምን ያለፈ? ሰኔ ሊገባ ነው!» አለች ሥራነሽ። «ቦራዬ ነውኮ!» በሬው ድምጧን ሰምቶ አገሣ። ሥራነሽ በሚያብረቀርቀው ጫማ ላይ ወደቀች። «ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ይመልስልኝ በለው!»

«የመንግሥት ነው፤ ተነሽ» አለ ፍቅረ ሥላሴ፣ ወደ ሌላ እያየ።

ሹሙ ነገሩን ከቁም ነገር ሳይቆጥር የአድናቂውን አስተያየት ጠየቀ። አያ ባዘዘው ቀረቡና የበሬውን ግንባር ዳበሱ።

«ደግ በሬ ነው፤ ግና የግንባሩ ሽክርክሪት ወደ ግራ ዞሯል። እንዲህ ያለው የነዳውን ሰው ይበላል። ይኸው የዚችን ባል ከገበያ ነድቶ ባመጣው በወሩ በላው። ለመሆኑ ከእሷ በረት ያስነዳው ማን ነው?»

የፍቅረ ሥላሴ ፊት አመድ መሰለ። ከብት አያውቅም፤ ክፉ ዕጣ ግን ያውቃል። ግንባሩ ላይ ሽክርክሪት የሌለው በሬ እኔ አላየሁም፤ ቢሆንም እኔም ወደ ኋላዬ አፈገፈግሁ። ሥራነሽ ወዲያው ገባት። «አዎን፣ ባሌን የበላብኝ ይኸ ነው!» እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር።

ፍቅረ ሥላሴ በጣልያንኛ ብዙ ለፈለፈ። ቋንቋውን አላውቀውም። ሹሙ ግን መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ሲይዝና ወደ ዝንጉርጉሯ ላም በድንጋጤ ሲመለከት፣ ልጁ ሽክርክሪቱን ትቶ «የሚጋባ በሽታ አለበት» እንዳለው ተረዳሁ። አውጡልኝ ተባለ። በር ላይ ከቆሙት ወታደሮች ገመዱን የሚነካ ጠፋ፤ ሥራነሽ ራሷ ፈትታ ይዛው ወጣች።

ከከተማው ርቀን ጉብታውን ስናልፍ አያ ባዘዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውሸቱ ቢነቃ ኖሮ እንደሚሰቅሏቸው ሁላችንም እናውቃለን። እሳቸውን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነበር።

«ሥራነሽ፣ የሟችን ስም በሐሰት አነሣሁ። ይቅር በይኝ» አሉ፤ እንባቸው መጣ። ሕያዋንን ዕድሜ ልካቸውን ሲነቅፉ ይቅርታ የሚባል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ወደድኋቸው፤ ከልቤ ወደድኋቸው።

ሥራነሽ የቦራን ገመድ እንደ ያዘች በነጠላዋ ጫፍ ፊታቸውን ጠረገችላቸው።

«ኧረ አያ ባዘዘው! እሱማ ቦራን ለማስመለስ ከሆነ ሁለተኛም ይሞትልኝ ነበር።»