አባ ልሙጥ ልጃቸውን በአጃ እንደ ለሰኑ

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለአባ ልሙጥ፤ የእኒህን ጌታ ሥራ ሳንጨምርና ሳንቀንስ እንጽፋለን፤ ብንጨምርም ጥቂት ነው። በአባትነታቸው በሁለተኛው ዓመት፣ ዘመነ ጥርስ አልፎ ዘመነ «እምቢ» በገባ ጊዜ፣ ፀሐይ የቆርቆሮውን ጣሪያ በምታግልበት ወር፣ ልስን ሠሪው፣ ግድግዳ አቅኚው፣ የጎበጠን ማዕዘን በአንድ እይታ የሚያሳፍሩት፣ ፈረስ ስለሌላቸው በመሰላል ስማቸው አባ ልሙጥ የተባሉት፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን ይዘው ብቻቸውን ቤት ቀሩ። ባለቤታቸው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ናቸውና፣ ከወለዱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ጨብጠው ወጡ። ሲወጡም ከአውቶቡሱ መስኮት እንዲህ ብለው አወጁ፦ «ልጄን እንዳስረከብኩህ ላግኛት! አንድ ነገር ብትሆን እናቴ ጋ ትሄዳለች፣ አንተም በሳምንት አንዴ ትጠይቃታለህ!» ይህን የሰሙት አማቲቱ ገና ሳይመሽ በቤታቸው የልጅ አልጋ አነጠፉ።

ወእምዝ፣ ከዚህም በኋላ በማግሥቱ፣ እቴጌ ጡጦ፣ ልጅቷ ከጡጧቸው ስለማይለዩ ሰፈሩ በዚህ ማዕረግ ይጠራቸዋልና፣ አንገታቸውን፣ ጀርባቸውንና የክርናቸውን እጥፋት ሙቀት የወለደው ሽፍታ ወርሯቸው ተገኙ። ያካሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ደግሞ ያካሉ። አባ ልሙጥም ይህን ባዩ ጊዜ ለልጃቸው አዘኑ፣ አማታቸውን ፈሩ።

ወሬውም ደረጃውን ወርዶ ግቢውን ሞላ፣ ጭፍራም ተሰበሰበ። ከፊት የማር ብልቃጥ የተሸከመ ዘበኛ፣ ከዘበኛው ኋላ ማሩን ተከትለው የዘመቱ ጉንዳኖች፣ ከጉንዳኖቹ ኋላ ኪያር በስሱ የከተፉ ጡረተኛ መምህርት፣ ከመምህርቷ ኋላ የኮኮናት ዘይት የጨበጠ ፀጉር አስተካካይ፣ በመጨረሻም ሎሚ የያዘ አንድ ሰው፤ የእሱን ማንነት እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሁሉም በየተራው ገጠመ፣ ሁሉም ድል ተነሣ። ማሩ ጉንዳን ጠራ፤ ኪያሩን እቴጌ ጡጦ ከገላቸው እያነሡ በሉት፤ በዘይቱም ከአባታቸው እጅ ሙልጭ ብለው ወጥተው አልጋ ሥር ገቡ። ሎሚው ሊደርስ ሲል ግን አባ ልሙጥ በሩ ላይ ቆመው አወጁ፦ «የኮሪደር ሰው ስማ፣ በር የዘጋህም በቀዳዳው ስማ! በተቆጣ የልጅ ቆዳ ላይ ሎሚ የሚጨምቅ፣ መጀመሪያ የራሱ ዓይን ላይ ይጨመቅለታል!» ባለ ሎሚውም ሎሚውን ለሻዩ ይዞት ሄደ።

ግርግሩን የሰማችው ከመንገድ ማዶ ያለች ፋርማሲስትም በመስኮቷ ብቅ ብላ አወጀች፦ «ኧረ ሕፃኗን አታስጨንቋት! ቀላል የሙቀት ሽፍታ ነው። አጃ አልመህ ፍጭ፣ ለብ ባለ ውሃ በትነው፣ ልጅቷን ውስጡ አስቀምጣት። ትኩሳት ካየህ ግን ቀጥታ ወደ ሐኪም!» አባ ልሙጥም ሰሙ፣ አጃውን አልመው ፈጩ፣ ባልተነካ አዲስ የአሸዋ ወንፊት ነፉ፣ ውሃም ጨመሩበት። እዚህ ላይ ግን የሙያ ክብር ያዛቸው፤ ቀጭን ምርግ ሲያዩ ደማቸው የሚፈላ ሰው ናቸውና። አጃ ጨመሩ፣ አሁንም ጨመሩ፣ ቡኮው በመለሰኛው፣ በልስን ማንኪያቸው ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዓይናቸው በራ። ልጃቸውን ከወገብ ጀምረው ወደ ላይ ለሰኑ፤ የመጀመሪያው እስኪጠነክር ታግሠው ሁለተኛውን ደረቡ፤ የጆሮውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው አለሰለሱ፤ ትከሻ ለትከሻ ውሃ ልክ አስቀምጠው ግራው ዝቅ ብሎ ቢያገኙት ሞሉት። ከበሩም ላይ «እርጥብ ነው፣ አይነካም!» የሚል ትእዛዝ ለጠፉ።

እቴጌ ጡጦም ቅዝቃዜው ተስማምቷቸው ማከኩን ተዉት። ልስኑ ሲደርቅ ግን ክርናቸው አልታጠፍ አለ፣ ጡጦውም በእጃቸው እያለ ከአፋቸው ርቆ ቀረ። በዘመናቸው ከዚህ የከፋ መከራ ደርሶባቸው አያውቅም፤ እሪ አሉ።

ወኮነ በይእቲ ሰዓት፣ በዚያችው ሰዓት፣ ባለ አውቶቡሷ እናት ከጉዟቸው ተመለሱ፣ ከኋላቸውም አማቲቱ ባዶ ሻንጣ ይዘው ገቡ። የበሩን ትእዛዝ አነበቡ፣ አላከበሩትም። እቴጌ ጡጦ ነጭ ሆነው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ብብታቸው አጠገብ ተሰነጣጥቀው ቆመዋል። እናት ልስኑን በጣታቸው አንኳኩ። አማቲቱም፦ «የልጄን ልጅ ግድግዳ አደረጋት! ልብሷን ክተቱ!» ብለው አወጁ፣ የሻንጣውንም ዚፕ ከፈቱ። አባ ልሙጥም አልተከራከሩም። ምናልባት ይህ የመጨረሻው ይሆናል ብለው ልጃቸውን እቅፍ አደረጉ፣ እንባቸው እየቀደማቸው ለብ ያለ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ከነልስናቸው ቀስ ብለው አስቀመጧቸው። ልስኑ ራሰ፣ ላላ፣ ተፈታ፤ ውሃውም ነጣ፤ ፋርማሲስቷ ያዘዘችው ነገር በግድ ተፈጸመ። እቴጌ ጡጦ ጡጧቸውን አገኙ፣ አጥበው ሲያወጧቸውም በፎጣው ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

አማቲቱ ለክሳቸው ማስረጃ ፈለጉ፤ መነጽራቸውን አጥልቀው የልጅቷን ጀርባ ዳበሱ። ሽፍታው ከስሟል፣ ቆዳው ለስልሷል። ደግመው ዳበሱ፣ የሻንጣውንም ዚፕ መልሰው ዘጉ። ከዚያም እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ለሐኪም ያላሳዩትን፣ ለገዛ ልጃቸው የደበቁትን የሚያሳክክ ክንድ ለአማቻቸው ዘረጉ፣ እንዲህም ብለው አወጁ፦ «ልጅቷ እዚሁ አባቷ ጋ ትቆይ! የእኔን ግን ወፈር አድርገው!»

ብፁዕ ውእቱ፣ ብፁዕ ናቸው አባ ልሙጥ! ሽፍታን ያለ ጦር የበተኑ፣ ሎሚን ከበር የመለሱ፣ ሻንጣን ባዶውን ያዘጉ፣ ከእሳቸው በፊት አማቱን በውሃ ልክ ያስተካከለ ልስን ሠሪ አልነበረም፣ ከእሳቸውም በኋላ አይነሣም። እቴጌ ጡጦ ዛሬም የሚያድሩት በአባታቸው ቤት ነው። አማቲቱም አብረው አሉ፤ ገና አልደረቁም።